በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለውን ፍጥነት በአይፐርፍ እንዴት ለካሁ

ጓደኛዬ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለው። የተቀረጸው ሁሉ ከኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ ወደ አንድ ማከማቻ ኮምፒውተር ይገለበጣል። አንድ ሰርግ 100 ጊጋባይት ቢሞላ አይገርምም። ኮፒው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ጀመር። ሁሉም ኢንተርኔቱን ረገመ። እኔን ጠርተው የጠየቁኝም «ፓኬጁን እናሳድገው ወይ?» ብለው ነው።

ይቺ ነገር በየቢሮው አለች። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ የተሰኩትም አንድ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ። ፋይሉ ከቤት አይወጣም። ኢንተርኔት ጭራሽ ቢጠፋ እንኳ ኮፒው አይቋረጥም።

መጀመሪያ ፒንግ አደረግኩ። መልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመጣል፣ የሚጠፋም የለም። ግን ፒንግ የሚልከው ጢኒጥ ያለች ፓኬት ናት። በር አንኳኩቶ «አቤት» የሚል መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ፣ በበሩ ሶፋ ያልፍ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ስለዚህ አይፐርፍ 3 የሚባለውን የመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ጫንኩ። ነፃ ነው፣ የሚሠራውም በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ሰረዝ ኤስ» ብላችሁ ስታስነሱት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሌላው ላይ «ሰረዝ ሲ» ብላችሁ የመጀመሪያውን አይፒ አድራሻ ትጽፋላችሁ። ከዚያ ለ10 ሰከንድ ዳታ ይገፋል፣ በየሰከንዱ ስንት እንዳለፈ ያሳያል። የሚልከው ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ነው፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። እኔ የምወደው ለዚህ ነው፤ «ዲስኩ ነው፣ መስመሩ ነው» የሚለው ጭቅጭቅ እዚያው ያከትማል።

መጀመሪያ አልገናኝ ብሎ ነበር። የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደው ጠባቂ) አይፐርፍ የሚገባባትን በር፣ ፖርት 5201ን፣ ዘግቶታል። እሷን ብቻ ከፈትኩ። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፍቶ የሚረሳ ሰው ብዙ ስለሆነ ያንን አልመክርም።

ውጤቱ 94 ሜጋቢት በሰከንድ ሆነ። ሳየው ሳቄ መጣ። 94 የታመመ መስመር ቁጥር አይደለም፤ ባለ 100 ሜጋቢት መስመር ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ የሚወጣው እሱ ነው። ጊጋቢት ቢሆን 940 አካባቢ ይመጣ ነበር። ስዊቹም ኮምፒውተሮቹም ባለ ጊጋቢት ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ራሱን ወደ 100 አውርዷል ማለት ነው። ጊጋቢት የኬብሉን 8 ሽቦዎች ሁሉ ይፈልጋል፣ ለ100 ግን 4ቱ ይበቃሉ። ከቀሩት 4 አንዷ ሽቦ ስትበጠስ መስመሩ ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ ይንቀራፈፋል እንጂ። ማንም ያልጠረጠረው ለዚህ ነው።

ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ለካሁ። የማከማቻው ኬብል ሲቀየር 941 መጣ። የድሮው በጠረጴዛ እግር ተረግጦ ጠፍጥፏል። ፓኬጅ የሚያሳድግ አልነበረም፣ ኬብል መግዛት ብቻ።

ለምትሞክሩት፣ አይፐርፍ የሚቆጥረው በቢት ነው፣ ዊንዶውስ ኮፒ ሲያደርግ የሚያሳየው ደግሞ በባይት፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 94 ሜጋቢት ኮፒው ላይ 11 ሜጋባይት ሆኖ ይታያል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ሰረዝ አር» ብላችሁ በተቃራኒው አቅጣጫም ለኩ፤ መስመር በአንድ በኩል ጤነኛ ሆኖ በሌላው ሊያነክስ ይችላል። በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ ዳታ በሚልከው ዘዴ) ስትለኩ ደግሞ ፍጥነቱን ራሳችሁ ካልወሰናችሁለት የሚልከው 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። ያን አይታችሁ ደህና ስዊች እንዳትጥሉ።