የ«ኢትዮጵያ» መርከብን የአገልግሎት ዘመን ስመዘግብ ያበላሸሁት

ምጽዋ ላይ የነበረችውን የማሠልጠኛ መርከብ «ኢትዮጵያ»ን ታሪክ ከሥር ልታጠናቅሩ ከተነሣችሁ፣ መጀመሪያው ቀላል ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳለች ስሟ «ኦርካ»፣ ቁጥሯ ኤቪፒ-49 ነበር፤ እኛ ጋ ኤ-01 ሆነች። ሁለቱንም ቁጥር ያዙ። ባዶዋን 1,766 ቶን ገደማ፣ ጭነቷን ይዛ ከ2,700 በላይ ነች፤ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ «ክብደቷ» የሚል ጽሑፍ አትመኑ። ፎቶ ላይ እህቶቿ ያሳስታሉ፤ ከዚሁ ሞዴል 18ቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ተሰጥተው ውቅያኖስ ላይ የአየር ጠባይ እየመዘገቡና ነፍስ እያዳኑ ኖረዋል። ቁጥሯ የማይነበብ ፎቶ ይቅርባችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ ቀኑ ነው። አንድ አርታኢ «ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ብቻ ጻፍ» አለኝ። ታዘዝኩ፤ ዋናውን የፈረንጅ ቀን ሰርዤ ከሁሉም ዓመት ላይ 8 ቀነስኩ። ሞኝነት ነው። ወደ ውሃ የወረደችው ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ስለሆነ መስከረም 24 ቀን 1935 ይሆናል፤ እኔ ዘንድ 1934 ሆኖ ቁጭ አለ። አገልግሎት የጀመረችው ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው፤ እዚህ ልዩነቱ 8 ነው። ግን ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከፊቱ ጳጉሜን 6 ስለነበረች እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ጥር 14 እንጂ ጥር 15 አይደለም። ዋናው ቀን ስለጠፋ የቱ ስህተት የት እንዳለ መለየት አልተቻለም፤ ከአንድ ጀምሮ እንደገና መልቀም ሆነ።

ከዚህ የባሰው «እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1942» የሚል አጻጻፍ ነው። ኦክቶበር ጥቅምት አይደለም! የፈረንጁን ወር በፈረንጅ ስሙ ጻፉት።

ወር ብቻ ከተሰጣችሁም አትለውጡ። ለኢትዮጵያ የተሰጠችው ጃንዋሪ 1962 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ታኅሣሥ፣ የቀሩት ጥር 1954 ናቸው። ስለዚህ አርታኢው ምንም ይበል፣ ዋናውን ቀን እንዳለ አስቀምጡ፣ የተለወጠውን በቅንፍ።

በ1991 ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ ጊዜው ግንቦት ስለሆነ 1983 ማለት ያስኬዳል። ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጠችው ደግሞ በ1993 ነው። ወሩ ካልተጻፈ 1985/86 ብላችሁ በጭረት እለፉት።