ብሬክ ስቆጥር ያበላሸሁት ደብተር

ይህን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ሰው ሲተኛ፣ የፑል ጨዋታ እያየሁ የብሬክ ቁጥር ሰበሰብኩ፤ ብሬክ ማለት የተደረደሩትን ኳሶች በትኖ ጌሙን የሚከፍተው ምት ነው። ሰብስቤ ስጨርስ ደብተሩ አይረባም ተባልኩ። ያሉኝ ሰዎች ልክ ነበሩ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሽንፈት ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። ከብሎካችን ጀርባ የቆርቆሮ ፑል ቤት አለ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ቾክ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሰፈሩ ፑል ቤቶች ተሰባስበው ውድድር ሲያዘጋጁ አስተባባሪው «እንደ ዓለም ሻምፒዮና» አለና አስር ኳስ ይሁን ተባለ። አንዱን ጌም ያሸነፈ ቀጣዩን ይበትናል። ቀድሞ 7 ጌም የሞላ ያልፋል።

የደረሰኝ ተጋጣሚ ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር። መጀመሪያ የመበተኑ ዕድል ለእሱ ወጣ። በተነ፣ ጨረሰ። በተነ፣ ጨረሰ። እኔ ስቲኬን እንደ ምርኩዝ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። 7 ለ 1 ተሸኘሁ። አንዷንም ያገኘሁት ጌሙን የሚያስወስደውን 10 ቁጥር ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ትቶልኝ ነው።

በዚያው ማታ «እኔን ያሸነፈኝ ልጁ ሳይሆን ብሬኩ ነው» አልኩ። የበተነ ሁሌ ያሸንፋል፤ ስለዚህ በየተራ መበተን አለበት። ጋሼ ሳቁብኝ። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ዴቢትና ክሬዲት ሳስታርቅ ነው የምውለው። በቁጥር ልረታቸው ቆረጥኩ። ለዚያ ደግሞ የኛ ጠረጴዛ አይሆንም። ጨርቁ በሲጋራ ተቃጥሎ በመርፌና ክር የተሰፋ ነው። ነጯ ኳስ ከሌላ ስብስብ የመጣች ናት፤ አርጅታ ከሌሎቹ አንሳለች። ክረምት ላይ ጨርቁ እርጥበት ይጠጣና ኳሱ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች የሚጫወቱት ግን 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ሜዳ ባለው፣ ባለ ዘጠኝ ጫማው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኳሱም ሁሉም እኩል 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእነሱን ልቁጠር አልኩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ከ1 እስከ 10 ያሉት ኳሶች በሦስት ማዕዘን ይደረደራሉ። 1 ፊት ላይ፣ 10 መሃል፣ 2 እና 3 ከኋላ ሁለቱ ጥግ ላይ። ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ትንሹን ቁጥር ቀድመህ ትነካለህ። የቱን ኳስ የት ቀዳዳ እንደምትከት ቀድመህ ትናገራለህ፤ ብሬክ ላይ ብቻ መናገር የለም። በብሬክ 10 ቢገባ፣ በዓለም ፑል ማኅበር ደንብ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጌሙን አያሸንፍልህም።

ጨዋታ ማግኘቱ ቀላል ነው። ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ግጥሚያ ሞልቷል። በሌሊት ጥቅል ማውረድ፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ ማየት፣ መጻፍ። እስኪሪብቶ ይሻላል፤ እርሳስ ይጠፋል። በቃ።

የጠፋሁት ከዚያ በፊት ነው። ቅጹ ላይ። አንድ መስመር ደብተሩ ላይ አስምሬ ገጹን ሁለት ቦታ የከፈልኩ ቀን።

አስተባባሪውን ጥሩ ብሬክ ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው ሄድኩ። «ደብዳቤ ይዘህ ና» አለኝ።

«ለፑል?»

«ለማንኛውም ነገር። ማኅተም ያለው።»

ማኅተም ከየት ይምጣ? ጋሼ ማኅተም የላቸውም። የመሥሪያ ቤቴን ማኅተም ለፑል ብመታ እባረራለሁ። በመጨረሻ የእድራችንን ጸሐፊ ለምኜ አስመታሁ። «አባላችን ስለ ብሬክ ለሚያደርገው ጥናት ትብብር እንዲደረግለት» ይላል። ለልቅሶ ድንኳን የሚመታው ማኅተም ነው። አስተባባሪው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበ። ፋይል ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሦስት ቃል መለሰልኝ፦ «ደንቡን ተከተል፣ ወንድሜ።»

ደንቡን ተከተልኩ። ደንቡ እንደሚለው በብሬክ ኳስ ከገባ፣ ወይም ምንም ሳይገባ ቢያንስ አራት ኳስ የጠረጴዛውን ጎን ከነካ፣ ብሬኩ ሕጋዊ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ቆጠርኩ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ራይት ብቻ ሆነ። ይሆናላ! እነዚህ ሰዎች አስር ኳስ በዚያ ኃይል ሲመቱ አራት ኳስ ጎን አይነካም ማለት ዘበት ነው። ሕጋዊ ብሬክ የሚለው ሰነፍ ብሬክን ለመቅጣት የወጣ ነው እንጂ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት አይደለም። ስለዚህ ማንም ምን ይበላችሁ፣ ስትቆጥሩ የደንቡን ትርጉም አትጠቀሙ። ለዳኛ ነው የተጻፈው።

ያን ሳምንት ጣልኩትና የራሴን አወጣሁ። ሁለት ዓምድ። «ገባ» እና «አሸነፈ»። በብሬክ ኳስ ከገባ ራይት፣ የበተነው ጌሙን ከወሰደ ራይት። ስልኩን ውሃ የያዘ ጆግ ላይ አስደግፌ፣ ጋቢ ለብሼ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9። ባለቤቴ አንድ ቀን ከመኝታ ቤት ወጥታ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ደብተሩ ሞላ። መቶኛውን አወጣሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ብጽፈው ነገ አንዱ አንስቶ ይከራከርበታል። የበተነ ከግማሽ በላይ ያሸንፋል ይል ነበር፤ እኔ የምፈልገውን ማለት ነው።

አስተባባሪውንና የፑል ቤት ባለቤቶችን ጋሼ ጋ ሰበሰብኳቸው። ቡና በራሴ ወጪ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እንደ ኦዲተር አስረዳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ነጯ አብራ ስትገባስ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ኳስ ከገባ... ገባ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ነጯ ከገባች እኮ ተራው የሌላው ነው። ነጯን የፈለገበት አስቀምጦ ይመታል። አንተ ለዚህ ራይት ሰጠኸው?»

ዝም። ጥግ ላይ የቆመ ልጅ ሳቀ። ያው ልጅ ነው፣ 7 ለ 1 የሸኘኝ።

የባሰው ደግሞ ማስተካከል አለመቻሌ ነው። ደብተሩ ላይ ነጯ የገባችበትና ያልገባችበት ራይት አንድ ናቸው። የትኛውን ልሰርዝ? ከነጯ ሌላም አለ። ኳስ ገብቶለት 1 ቁጥር ከሌላ ኳስ ጀርባ የተደበቀበትስ? ከሕጋዊ ብሬክ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ምት ላይ ፑሽ አውት ይፈቀዳል፤ ነጯን ወደ ፈለገበት ገፍቶ ምርጫውን ለተጋጣሚው ይተዋል። ይህ ሰው ኳስ ገብቶለታል፣ ግን ብሬኩ ምንም አልጠቀመውም። እኔ እሱንም ራይት ብዬዋለሁ። በሙያዬ አንድ ዓምድ ውስጥ ገቢና ወጪ ቀላቅሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣብኝ አላሳልፈውም። ለራሴ አሳለፍኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን ደህና። ስብሰባው ሲበተን የጎረቤቴን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ነው የምትማረው። እሷ ቢያንስ ታዝንልኛለች ብዬ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ የሚበትነው ማን ነበር?» አለች።

«ያሸነፈው። አንዳንዱ ውድድር ላይ ደግሞ በየተራ።»

«ለይተው ጽፈውታል?»

አልለየሁም።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አሰላችልኝ። አንድ ጎበዝ ከ100 ጌም 70ውን ያሸንፋል እንበል። ብሬክ ደግሞ ምንም አይጠቅምም እንበል፤ እሱ በተነ አልበተነ 70 ነው። ያሸነፈ የሚበትን ከሆነ፣ ጎበዙ ከ100 ጌም 70ውን ራሱ ይበትናል፤ ከነዚያ 49ኙን ያሸንፋል። ደካማው 30ውን ይበትናል፤ 9ኙን ያሸንፋል። ደምር። 58። ብሬክ ቅንጣት ሳይጠቅም፣ የበተነ 58 በመቶ አሸነፈ ይልሃል ደብተሩ። በየተራ ቢበትኑ ግን 35 እና 15፣ ልክ 50።

ሁለቴ አሰራኋት። ያው ነው። ማለትም እኔ የብሬክን ጉልበት አይደለም የቆጠርኩት፤ ጎበዝ ሰው ብዙ ጊዜ እንደሚበትን ነው። ልጁ 7 ለ 1 ሲያሸንፈኝ ያን ሁሉ የበተነው ስለሚያሸንፍ ነው፤ ስለበተነ አይደለም ያሸነፈው። ይህን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው በደንብ የገባኝ። እንቅልፍም እምቢ አለ።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን የምጽፈው ይኸውና፦ አበታተኑ በየተራ ነው ወይስ ለአሸናፊ፣ የበተነው ማን ነው፣ ስንት ኳስ ገባ፣ ነጯ ገባች ወይም ከጠረጴዛ ዘለለች ወይ፣ ቀጥሎ 1 ቁጥር ይታየው ነበር ወይ፣ ፑሽ አውት ሆነ ወይ፣ ሳያስነካ ጨረሰ ወይ፣ ጌሙን ማን ወሰደ። የኋላ ኋላ መደመር ይቻላል፤ የተደመረውን መበተን ግን አይቻልም። የጀማሪ ምክር ሁሉ «ቀላል አድርገህ ጀምር» ይላል። እኔ በግልባጩ ነኝ፤ ዓምዱን አብዛው፣ ባዶ ቢቀር ይቅር።

ካሜራው ያላሳየውን ብሬክ ደግሞ አትገምቱ። ያለፈውን ጌም ምት መልሰው እያሳዩ ብሬኩ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ኳስ ቀርቶ ስታይ «ሁለት ገብቷል» ማለት ያምርሃል። ነጯ ገብታ ወጥታ ሊሆን ይችላል። «አልታየም» ብለህ እለፍ።

ካሜራ ካልን፣ ጥሩው ካሜራ የሚተከለው የዓለም ሻምፒዮኖቹ እነ ሼን ቫን ቦኒንግና እነ ካርሎ ቢያዶ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ የወጣ ቁጥር የእነሱ ነው። ካሜራ በሌለበት የጥግ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወተውን አይወክልም፤ ቱሉ ዲምቱንማ ተዉት።

ከአንድ ግጥሚያ ተነስቶ የሚፎክር ሰው ሲገጥመኝ የ2008ቱን እጠቅስለታለሁ። ያን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያው የዓለም አስር ኳስ ሻምፒዮና ፊሊፒንስ ላይ ተካሄደ። ፍጻሜውን እንግሊዛዊው ዳረን አፕልተን የታይዋኑን ዉ ጂያቺንግ 13 ለ 11 አሸንፎ ወሰደ። 24 ጌም ነው፣ 24 ብሬክ። ልጅቷ እንዳስተማረችኝ በ24 ብሬክ የምታወጣው መቶኛ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። በ100 ብሬክ 10፣ በ400 ብሬክ 5። ልዩነቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መቀመጥ ነው። እኔ 400 ገና አልደረስኩም፤ እስክደርስ ስለ ብሬክ አፌን ይዣለሁ።

አንድ የምኮራበት ነገር ቢኖር መደርደሪያው ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ኳሱን በሦስት ማዕዘን ፋንታ ቀዳዳ ባለው ስስ ላስቲክ ሲደረድሩ አየሁ፤ ኳሶቹ እንዳይራራቁ። የእናቴን አሮጌ የኤክስሬይ ፊልም አውጥቼ፣ አስሩን ኳስ አስቀምጬ፣ የሚነኩበትን ምልክት አድርጌ በምላጭ በሳሁት። ኳሶቹ ጥብቅ ብለው ይቆማሉ። ጋሼ አሁን ያለሱ አያስበትኑም። ከታች የጎድን አጥንት ይታያል።

ውድድሩ ዘንድሮም አለ። አስተባባሪው ያሸነፈ ይበትናል በሚለው ጸንቷል፤ ምክንያቱ «ቶሎ ያልቃል» ነው። ደብዳቤዬ አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ። ልጁ ግን ሰሞኑን እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል። አዲሱን ደብተር እኔ ስጫወት እሱ ይይዝልኛል፣ እሱ ሲጫወት እኔ።

አሮጌውን ደብተር ጋሼ የዱቤ መዝገብ አድርገውታል። ባዶውን ገጽ እያዞሩ ይጽፉበታል። ስምና ብር ነው የሚጻፈው፤ ሁለት ዓምድ ይበቃዋል። የእኔም ስም አለበት።