ጠመኔው ለምን ይጮኻል?

ጠመኔ ወይም ጥፍር ሰሌዳ ላይ ሲጥጥ ሲል ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ይይዛል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሳይቀር ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል። ተማሪ ይህን ችሎ መማር የለበትም፣ ምክንያቱም በቀላሉ የሚድን ችግር ነው።

ጥፍርም ሆነ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ አይንሸራተትም። ያዝ ይላል፣ ያመልጣል፣ መልሶ ይይዛል። ይህ ያዝ ለቀቅ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ጠመኔው ይርገበገባል፤ የሚሰቀጥጠው ድምፅ እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው የድምፁ ቅጥነት ይመስለዋል። ሃልፐርን፣ ብሌክና ሂለንብራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ግን በጣም ቀጫጭኑን ክፍል ነጥለው ቢያወጡትም አድማጮቹን መሰቅጠጡ አልቀረም። የሚብሰው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው) ያለው መካከለኛው ክፍል ነው። የጆሮ ቦይ ደግሞ በቅርጹ ምክንያት 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ያስገባል።

ከፓኮ የወጣ ሙሉ ጠመኔ 8 ሴ.ሜ. ያህል ነው፤ ርዝመቱ ለመርገብገብ ይመቸዋል። ለሁለት ስበሩት። ጣታችሁን ወደሚጽፈው ጫፍ አስጠግታችሁ ያዙ፣ 45 ዲግሪ ያህል አጋድማችሁ ጎትቱት። ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደፊት መግፋት ነው የሚያስጮኸው። ጠመኔ መቆጠብ መልካም ነው፣ ግን ከ2 ሴ.ሜ. ሲያንስ ጣሉት፤ ያኔ ሰሌዳውን የሚነካው ጥፍራችሁ ነው።

አዲስ ጠመኔ ከጮኸና ሰሌዳውን ከቧጨረ ጠመኔው በተሠራበት ጂፕሰም ውስጥ ጠጣር ቅንጣት አለ ማለት ነው። ጫፉን ሲሚንቶ ወለል ላይ አሹት። በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ሰሌዳም በደንብ ሳይደርቅ አይጻፍበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጩኸቱ ካልቆመ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። የሲሚንቶ ልስንም ሆነ ኮምፔንሳቶ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ሲቀባ በጣም ይለሰልሳል፤ ጠመኔውን የሚፍቀው ሻካራ ነገር ስለማይኖር ዱቄቱ አይወጣም፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። አስተማሪው ይጫናል፣ ሲጫን ይብሳል። መፍትሔው 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው፦ ብርቁ እስኪጠፋ በክብ በክብ እያሻችሁ ፋቁት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ የማያብረቀርቅ የሰሌዳ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡ። አንዴ በወፍራሙ መቀባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን ይዝረበረባል፣ ኋላም ይላጣል።

ሁለተኛው ቅብ ከደረቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቁ። ከዚያ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ጠመኔ አግድም ይዛችሁ ሰሌዳውን በሙሉ ነጭ እስኪሆን ቀቡትና በደረቅ ዳስተር አጥፉት። ይህ ከተዘለለ መጀመሪያ የተጻፈው ፊደል ሰሌዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ ቢጠፋም ጥላው ይቀራል።