ፋይሉ የለም የሚለኝ የትኛውን ፋይል ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ፣ ገና ሳይቀመጥ "ኧረ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው፣ ፋይሉ የለም ይለኛል፣ የትኛው ፋይል?" አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ቀርፋፋ ሆኖበት ሲፒዩው ስንት ኢንስትራክሽን (ትእዛዝ) እንደሚሰራ ልቁጠር ብሎ በሲ አጭር ኮድ ጽፏል፣ የሊኑክስን ፐርፍ ኢቨንት ኦፕን፣ ማለትም ሲፒዩው ላይ የሚሆነውን ቁጠርልኝ የሚባልበትን ጥሪ፣ የሚጠራ። መጀመሪያ "ፐርሚሽን ዲናይድ" (ፈቃድ የለህም) አለው፣ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ሲያስነሳው ደግሞ "ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ"። ከዛ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎልደር ሲበረብር፣ ኮዱን ከቦታ ቦታ ኮፒ ሲያደርግ፣ ጭራሽ ፓኬጆቹን አጥፍቶ እንደገና ሲጭን ቆየ።

የጠፋ ፋይል ግን የለም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚመልሰው የስህተት ቁጥር ብቻ ነው፣ 2 ቁጥርን ፒኤረር የሚባለው ፈንክሽን ሁሌም "ፋይሉ የለም" ብሎ ነው የሚተረጉማት፣ እዚህ ጋ ግን 2 ማለት የጠየቅከው ኢቨንት (ቁጠርልኝ ያልከው ነገር) እኔ ጋ የለም ነው። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ ማን ያነባል እንጂ። ልጁ የሚሰራው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሰራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የሲፒዩውን የሃርድዌር ቆጣሪ እውስጡ ላለው ሊኑክስ አያሳየውም፣ በቃ ነገሩ ይሄው ነው። ባለ ባጃጁን አዘዞ ውሰደኝ ስትለው "መስመሬ ማራኪ ነው" በማለት ፈንታ "አዘዞ የሚባል ቦታ የለም" ቢልህ በለው።

ፐርፍ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ከ2.6.31 ከርነል ጀምሮ ያለው የሊኑክስ መለኪያ ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ለዚህችው 2 ቁጥር "ኢቨንቱ አይደገፍም" ይላል፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ያቺን መስመር ስለጻፈ ብቻ። ይሻላል፣ ግን ለምን እንደማይደገፍ አይነግርህም። ሌላ የስህተት ቁጥር፣ 22፣ ሲመጣበትማ ዲሜሴጅን (የከርነሉን የመልእክት መዝገብ) እየው ተጨማሪ መረጃ ሊኖር ይችላል ይልሃል፣ ሄደህ ስታየው ባዶ።

እዛው ቁጭ ብለን የሱን ኮድ አስተካከልነው። 2 ከመጣ የፕሮክ ሲፒዩ ኢንፎን፣ ስለ ሲፒዩው የሚዘረዝረውን ፋይል፣ ከፍቶ የቨርቹዋል ማሽን ምልክት የሆነችውን "ሃይፐርቫይዘር" የምትለዋን ቃል ይፈልጋል፣ ካገኛት "ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነህ፣ የሃርድዌር ቆጣሪ አልተሰጠህም፣ በሲፒዩ ክሎክ ሞክር" ይላል፣ ሲፒዩ ክሎክ የሃርድዌር ቆጣሪ ሳይፈልግ በጊዜ የሚለካ ነው። የፈቃድ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ ውስጥ ያለውን ቁጥር አንብቦ ያሳያል፣ ይሄ መለካት ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስን ሴቲንግ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብቃል፣ ይሄን የምናሳየው ምክንያቱም የከርነሉ ዲፎልት 2 ሲሆን ኡቡንቱ ላይ 4 ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ተጨቃጨቅን። እሱ "-1 አድርገው ብለን እንጻፍ፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው" አለ፣ እኔ አይሆንም አልኩ፣ -1 ማለት በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው፣ የሆነ ሰው ከመልእክቱ ላይ ኮፒ አድርጎ ሰርቨር ላይ ይለጥፈውና እዛው ይረሳዋል። ከርነሉን ሳትጨምር የራስህን ፕሮግራም ለመለካት 2 ይበቃሃል፣ ስለዚህ የጻፍነው "አሁን 4 ላይ ነው፣ ላንተ ሥራ 2 በቂ ነው" የሚል ሆነ። አማርኛ ልናደርገውም ሞክረን ነበር፣ ተርሚናሉ ፊደሉን ሳጥን ሳጥን እያደረገ ስላስቸገረን ተውነው።

ከዛ በሲፒዩ ክሎክ ለካነው። ለካ ፕሮጀክቱ ሉፑ ውስጥ በየዙሩ ያንኑ የሲኤስቪ ፋይል እየከፈተ ከመጀመሪያው ያነባል። ስክሪኑን ዝም ብሎ አየና "እንዴ፣ ፋይልማ ነበረ" አለ።