በወር ስንት ቀን ነው የሚያማችሁ?

ራስ ምታት የሚመላለስበትን ሰው «በወር ስንት ቀን ያምሃል?» ብትሉት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ሁልጊዜ» ወይም «አንዳንዴ» ነው። በዚህ መልስ ላይ ክኒን ይታዘዛል፤ ክኒኑ ያልቃል፣ ሕመሙ ይመለሳል። እየተመላለሰ የሚነሣው ከባድ ራስ ምታት፣ ማይግሬን፣ ግን የሚያዘው ቀኑን በመቁጠር ነው። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ አንዱን ወር ከሌላው ማስተያየት ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ራስ በታመመበት ቀን «ራ»፣ ማስታገሻ በተዋጠበት ቀን «ክ» ብላችሁ ጻፉ። ሴቶች የወር አበባ የመጣበትን ቀን «አ» ብለው ይጨምሩበት። አደገኛ ምልክት ለሌለበት ሰው፣ የሦስት ወር እንዲህ ያለ ካላንደር ከሲቲ ስካን ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ሕመሙ ማይግሬን መሆኑ ይለይ። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆይና ይለቃል፤ በመሀል ሰውየው ደህና ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ይይዛል፣ እንደ ልብ ትርታ ይጠቀጥቃል፣ ሥራ ያስፈታል፣ በእንቅስቃሴም ይብሳል። ይህን የመጨረሻውን የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጥሩ አድርጎ ይፈትነዋል። አዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ራሱ ሊፈነዳ የሚደርስ ሰው ማይግሬንን ይጠርጥር። ግንባሩን እንደ ሻሽ ዙሪያውን ጨምድዶ የያዘውና ደረጃ ቢወጣም የማይብስበት ሰው ግን የውጥረት ራስ ምታት ሊሆንበት ይችላል። ከላይ ከተጠቀሱት አራት የማይግሬን ምልክቶች ሁለቱ ካሉ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርሃንና ድምፅ አብረው ማስጠላት ከተጨመረ፣ ነገሩም ቢያንስ 5 ጊዜ ከተደጋገመ፣ ማይግሬን ነው ያሰኛል። የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም።

እኛ አካባቢ ማይግሬን በሌሎች ስሞች ይጠራል፤ ዋናው «ሳይነስ» ነው። ለስሕተቱ ምክንያት አለው። በማይግሬን ጊዜ የሚነሣው ነርቭ ዓይንንና አፍንጫንም የሚነካ በመሆኑ ሕመሙ ሲበረታ ዓይን ያለቅሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ጉንጭ ይከብዳል። እውነተኛው የሳይነስ ሕመም ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል፤ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ አለው፣ ማሽተት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ትኩሳት አለው። ሁለተኛው ስም «ታይፎይድ» ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ ከቆየ ኢንፌክሽን በቀረ ምልክት ብቻ ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ ትኩሳት የሌለው፣ በሁለት ቀን ለቆ በወሩ የሚመለስ ራስ ምታት በዚህ ወረቀት ብቻ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ሊያስወስድ አይገባም። ሦስተኛው «አንገቴን ብርድ መቶኝ ነው» የሚባለው ነው። አንገት መያዝ፣ ማዛጋትና መነጫነጭ ሕመሙ ከመነሣቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ቀድመው የሚመጡ የማይግሬኑ መልእክተኞች ናቸው።

አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት የሚያብረቀርቅ የተሰባበረ መስመር ያያል፣ ወይም ከሚያየው ነገር ከፊሉ ይሰወርበታል፤ መደንዘዝ ከጣት ተነሥቶ ቀስ እያለ እስከ ፊቱ ድረስ ይወጣል። ይህ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ ኦራ ይባላል። ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የየቀኑን የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ በአንጎል ደም ሥር ላይ ስትሮክ የመከሰት ዕድልን ይጨምራል። ኤስትሮጅን የሌላቸው አማራጮች፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና ማሕፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ አሉ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ማንም ሳይጠይቃችሁ ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ።

ወደ ማስታገሻው ስንመጣ፣ ብዙው ስሕተት መዘግየትና ማሳነስ ነው። አንድ ፓራሲታሞል ተውጦ ይጠበቃል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሌላ አንድ፣ ማታ ደግሞ አንድ። ማይግሬን ሲበረታ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ ሙሉ መጠን መውሰድ ነው። ለአዋቂ ሰው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ወይም አስፕሪን 900 ሚሊግራም፣ ወይም ፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም፣ ይኸውም ባለ 500ው ሁለት ክኒን ነው። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት አይቡፕሮፌንና አስፕሪንን ይተው፤ አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም፤ ለነፍሰ ጡር ቀዳሚው ፓራሲታሞል ነው። ማቅለሽለሽ ካለ ሐኪም የሚያዘው ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊግራም ማስመለሱን ያቆማል፣ ጨጓራውንም አንቀሳቅሶ ማስታገሻውን ያሳልፈዋል። ክኒኑ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ ታክሲ ሰልፍ ላይ የተነሣ ሕመም ቤት የቀረውን ክኒን አይጠብቅም።

ኤርጎታሚን ያለበት የማይግሬን ክኒን በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ደም ሥር ስለሚያጠብ ለነፍሰ ጡር፣ ለልብ ሕመምተኛና የደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አይሆንም። ከኤሪትሮማይሲን፣ ከክላሪትሮማይሲንና ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ከተገናኘ ደግሞ የእጅና የእግር ደም ዝውውርን እስከ ማቆም ይደርሳል። ከባድ የሕመም ማስታገሻ የሆነው ትራማዶልም የማይግሬን መድኃኒት አይደለም።

አሁን «ክ»ዎቹን ቁጠሩ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን፣ ትራማዶል ወይም ካፌይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ከተወሰደ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ክሊኒክ ገብታችሁ የተወጋችሁት መርፌም እንደ አንድ «ክ» ይቆጠራል። እዚህ ወጥመድ የገባ ሰው ጠዋት ከራስ ምታት ጋር ይነቃል፣ ክኒን ይውጣል፣ ለጥቂት ሰዓት ይሻለዋል፣ ይመለስበታል። መፍትሔው ክኒን መቀየር ሳይሆን ማቆም ነው። ካቆመ በኋላ ከ2 እስከ 10 ቀን ሊብስ እንደሚችል ቀድሞ ይወቅ፤ ይህን ሳያውቁ ያቆሙ ብዙዎች በሦስተኛው ቀን ይመለሱበታል። ትራማዶልን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ግን በድንገት አያቁም፣ በሐኪም ክትትል ይቀንስ።

ቀስቃሾቹን በተመለከተ፣ ብዙው ሰው ምግብ ያሳድዳል። በእኔ ግምት ለከተማችን ዳርቻ ነዋሪ የሚበልጡት ጾም መዋል፣ ቡናና እንቅልፍ ናቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ቁርስ ሳይቀምስ የወጣ ሰው እስከ ምሳ ሰባትና ስምንት ሰዓት ባዶ ሆዱን ነው፤ አንድ ዳቦ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ኪስ ውስጥ መያዝ ዋጋው ትንሽ ነው። እሑድ እስከ ሦስት ሰዓት መተኛትም ያስነሣል፤ የመኝታና የመነሻ ሰዓት በዓልም ሆነ የሥራ ቀን አንድ ይሁን። ቡና በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት መቀነስ ይጀመር፤ በመጀመሪያ በረካው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቶናው ይቅር፣ በመጨረሻ አቦሉ ይነስ። እስከ 9 ሰዓት መጾም በየጊዜው የሚጥለው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ሙስሊሙም ለበሽተኛ የተፈቀደለት ቀዳ፣ ማለትም ያልጾመውን በሌላ ቀን ማካካስ፣ አለው። ቡና ሲፈላ እጣኑ የሚያስነሣበት ሰው በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ቡና የምታፈላዋም አትቀየም።

«ራ»ዎቹ በወር 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ የመከላከያ መድኃኒት መጠየቅ ይገባል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን አዲስ ነገር አይደሉም፣ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይቀላል። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፣ በድንገትም አይቆምም። አሚትሪፕቲሊን ባለ 25 ሚሊግራሙ ግማሽ ክኒን ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ተወስዶ ይጀመራል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ያደክማል፣ ለሾፌር ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «የጭንቀት መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ መጣል አይገባም፤ በዚህ ትንሽ መጠን የሚሰጠው ለሕመሙ ነው። የሁለቱም ሥራ የሚታወቀው ከ2 እስከ 3 ወር ሲወሰዱ ነው። «ራ»ው በግማሽ ከቀነሰ ሠርቷል።

ካላንደር የማይጠበቅበት ራስ ምታትም አለ። በሰከንዶች ውስጥ ከባዶ ተነሥቶ እስከ ዛሬ ታይቶ የማያውቅ የሆነ፤ ትኩሳትና አንገት መገተር ያለበት፤ እጅ እግር ያደከመ ወይም አፍ ያጣመመ፤ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ፤ ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ የታየ፤ እነዚህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይወስዳሉ። በብርድ ወራት ደግሞ የከሰሉን አትርሱ። በተዘጋ ቤት ከሰል ነድዶ የቤቱን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራስ ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ይህ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ነው። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁሉንም አስወጡ፣ ከሰሉን አውጡ፣ የደከመውን ሰው ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም አድርሱ።