ልጆች ይዞ አገር ቤት መግባት፦ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት

ቤተሰብ ሰብስቦ አገር ቤት ደርሶ መምጣት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በገንዘብ ማነስ ወይም በሻንጣ ክብደት ሳይሆን በቀን አመራረጥ ነው። ቲኬት የሚቆረጠው የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንት አይቶ ነው። እዚያ ያለው ዘመድ ደግሞ የሚጾምበት፣ የሚያርፍበትና ልጅ የሚድርበት የራሱ ጊዜ አለው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰው ሰላም ተባብሎ ሳይጫወት ይመለሳል።

የዲሴምበርን ዕረፍት እንይ። የፈረንጆቹ ገና በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ያን ጊዜ ገና አልተፈታም። ዘመድ በሽሮና በምስር እያስተናገደ «ምነው ለገና ብትቆዩ!» ይላል። ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ልጆቹ ተመልሰው ክፍል ገብተዋል። አንድ ሳምንት ከትምህርት ቤት ማስፈቀድ የሚችል ገናን ያገኛል። ሁለት ሳምንት የቻለ ደግሞ ጥምቀትንና የጥርን ሠርግ ይደርሳል። በጾም ስለማይዳር ሠርጉ ጥር ላይ ይከማቻል፤ አንድ ሠርግ ላይ የሚገኘው ዘመድ ደግሞ በሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞሮ አይዳረስም።

የጁላይና የኦገስት ዕረፍትስ? እነሱ በጋ የሚሉት የእኛ ክረምት ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይፈታል፣ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ይገባል። በመካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት ተኩል ገደማ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ፣ የፍስክ ናቸው። የአገር ቤት ትምህርት ቤቶችም ስለሚዘጉ የአክስትና የአጎት ልጆች ቀኑን ሙሉ ይገኛሉ። ልጆቹ እንዲቀራረቡ ለሚፈልግ ወላጅ ከታኅሣሥ ይልቅ ይህ ይሻላል ባይ ነን። ጉዳቱ ዝናቡ ነው፤ አያት ገጠር ካሉ መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ስለሚችል ከተማ ድረስ እንዲመጡ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ዘመዶቹ ሙስሊሞች ከሆኑ ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድመው ስለሚመጡ የዘንድሮውን አይቶ መቁረጥ ነው።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አንቆይም። ፓስፖርት ከመግቢያው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን፤ የልጆች ፓስፖርት ቶሎ ስለሚያልቅ የሚረሳው እሱ ነው። የውጭ ዜግነት የያዘ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርዱ) ካለው ያለ ቪዛ ይገባል፤ የሌለው በኢንተርኔት ቪዛ ያወጣል። እናቶች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ሚስት በአባቷ ስም ስለምትጠራ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ላይ ያለው የመጨረሻ ስም አይመሳሰልም። አባት አብሮ የማይጓዝ ከሆነ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ፊርማው የተረጋገጠ የአባት የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳ መያዝ ነው እንጂ ሻንጣ ውስጥ መክተት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። ውጭ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም ተብሎ ተደብቆ የቆየ ሐዘን የሚወጣው ሲመጣ ነው። እንደ ልማዱ ማለዳ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መርዶውን ይነግራል። ልጆቹ በማያውቁት ቤት በጩኸት ይነቃሉ፣ የጉዞውም መጀመሪያ ልቅሶ ይሆናል። ስለዚህ ከመነሳት አንድ ወር በፊት ልበ ሙሉ የሆነ አንድ ዘመድ መርጦ «ያልተነገረኝ ካለ አሁን ንገረኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። ስማቸው ሲነሳ ወሬ የሚቀየርባቸውን፣ ሁሌም «ተኝተዋል» ወይም «ጠበል ሄደዋል» የሚባልላቸውን ሰዎች ነጥሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ጥቁር ልብስና ነጠላ ከላይ ይታሸግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በሌላችሁበት ዘመን ላረፉ ሰዎች ቤተሰብ መድረሻ ይሁኑ። ልቅሶ ሳይደርሱ ግብዣ ላይ የታዩ እንደሆነ የሚፈጠረው ቅያሜ በስጦታ አይሽርም።

ቀጥሎ ያለው የጉብኝት ተራ ነው። በዕድሜ ትልቁ ይቀድማል፤ በአባትም በእናትም ወገን። ሰፈሩ ለማረፊያችሁ ስለሚቀርብ ብቻ ታናሽ አክስት ቤት ቀድሞ ከተገባ ወሬው ማታውኑ ታላቅየው ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቤት ምሳ በልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የአዲስ አበባ መንገድ ሲጨመርበት በቀን ከሁለት ቤት በላይ አይሞላም። ሠላሳ ቤት ካለ ስሌቱ አይወጣም። መፍትሔው የታመሙትን፣ ሽማግሌዎችንና ሐዘንተኞችን ቤታቸው ሄዶ ማየት፣ ሌላውን በአንድ እሑድ ታላቁ ዘመድ ቤት ሰብስቦ መጋበዝ ነው። የድግሱ ገንዘብ ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ለባለቤቲቱ ይድረሳት፤ ጠላው ካልተጠነሰሰ፣ በጉ ካልተገዛ ሸክሙ እሷ ላይ ይወድቃል። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ «በኢትዮጵያ ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሦስት ሰዓት» ለአክስት ጠዋት ነው፣ ለልጆቹ ከሰዓት በኋላ።

ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት የዘመዶቻቸውን ፎቶ ከነመጠሪያቸው ይልመዱ፤ አንጋፋን በስሙ ብቻ መጥራት እንደማይቻል፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ የሚባለው ለማን እንደሆነ ጭምር። ጉንጭ ደጋግሞ መሳሳምና ጉርሻ ያስደነግጣቸዋል። ያልፈለገ ልጅ አፉን በእጁ ከልሎ ከሚሸሽ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ ሰላም ማለትና «ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ቢያውቅ ማንም አይቀየመውም።

ጤናው ላይ ትልቁ ስህተት «ወባ ለምዶኛል» ማለት ነው። ለዓመታት ከአካባቢው የራቀ ሰው የነበረው መቋቋም ይቀንሳል፤ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ አዋሽ ግን አለ። ማላሮን የሚባለው መከላከያ ወደ ወባማው ቦታ ከመግባት ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ 7 ቀን ይወሰዳል፤ ሰው የሚያቋርጠው እነዚህን 7 ቀናት ነው። ሌላው መከላከያ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ለትንንሽ ልጆች ስለማይመረጥ የልጆቹን መድኃኒት ሐኪም ይምረጥ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ የትውልድ አገር ደርሶ መምጣትን ለሐኪም በመጀመሪያ መናገር ነው። ተቅማጥ ለጀመረው ልጅ ኦአርኤስ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በላዩ በተጻፈው የንጹሕ ውኃ መጠን ነው፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ድካምና ራስ ምታት ከከፍታው ሊመጣ ስለሚችል ከደረሱ ማግስት እንጦጦ መውጣት አይመከርም።

ሻንጣ፦ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በ110 የሚሠራ የጁስ መፍጫ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ስጦታ ብሎ መውሰድ ሲሰካ ማቃጠል ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ይይዘዋል። መሳቢያ ውስጥ የቆየ የድሮ ባለ 50 ወይም ባለ 100 ብር ካለ እዚያው ይቅር፤ በ2013 ተቀይሯል። ጫማ ለመግዛት ቁጥር ከመጠየቅ የእግሩን ልክ በወረቀት አስነድፎ ፎቶ ማስላክ ይሻላል።

ለመልሱ አንድ ሻንጣ ባዶ ይሁን፤ በርበሬውና ሽሮው አይቀርም። በርበሬ በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ በልብስ መሀል ገብቶ፣ ሲደረስ በጉምሩክ ቅጽ ላይ ይመዘገባል። ቋንጣና ቅቤ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በግል ሻንጣ አይገባም፣ ቋንጣ ወደ አሜሪካም አይፈቀድም። ይህን ለእናት በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣ ሲዘጋ ሳይሆን ቅቤው ከመነጠሩ በፊት መንገር ነው።