እንጀራ የሌለው ጥብስ

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ቁርስ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ጠዋት የሚወጣው የታወቀ ነው፤ ፍርፍር፣ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ስልስ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከጂም በቀጥታ የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። «ዳቦ አታምጪ፣ እንጀራም ይቅር፣ ሥጋና እንቁላል ብቻ» ይላሉ። አስተናጋጇ ወረቀቱ ላይ «ያለ ምንም» ብላ ትጽፈዋለች።

አንድ ማክሰኞ ሦስት «ያለ ምንም» በአንዴ ገባ። ምድጃው ላይ የነበረው አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ አይካድም። የሦስቱን ሥጋ ከፍሪጅ አውጥቶ እንዳለ አንድ መጥበሻ ላይ ገለበጠው። መጥበሻው ትንሽ ጮኸና ዝም አለ። ኩሽና የሠራ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ሥጋው ውሃ አውጥቶ መቀቀል ጀምሯል ማለት ነው። ልጁ ግን ውሃው እስኪመጥ አልጠበቀም፤ ዘጠኝ እንቁላል ሰብሮበት አማሰለው።

ሳህኖቹ ወዲያው ተመለሱ። «ሾርባ አላዘዝንም» ብለዋል አለች አስተናጋጇ።

ልጁ ተናደደ። «ትናንትም እንደዚሁ ነው የሠራሁት፤ ማን መለሰ?»

ሼፋችን ሳቀ። «ትናንት እንጀራው መጦልህ ነዋ!»

ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሥጋ በደንብ የሚቀላው ደግሞ ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። መጥበሻው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ እሳቱን ብታነደውም ሥጋው ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ሼፍ አዲስ ሥጋ አውጥቶ በሶፍት አደረቀው። መጥበሻውን ባዶውን አጋለው። ከዚያ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ የአንድ ሰው ሥጋ ብቻ። ልጁ ማማሰያ ሊያነሳ ሲል «ተወው፣ አትነካካው» አለው። አንድ ጎኑ ቡናማ ሲሆን ገለበጠው፣ ጨው ነሰነሰበት፣ ሳህን ላይ አወጣው። እሳቱን ቀንሶ በዚያው መጥበሻ ቅቤና ቃርያ ጨመረ፣ ቀጥሎ ሦስት እንቁላል። ሥጋውን መለሰበትና እንቁላሉ ገና ሳይደርቅ ከእሳት አወረደው። የቀረውን የመጥበሻው ሙቀት ይጨርሰዋል።

ሽንኩርቱንም ቀነሰው። እኛ አገር ጥብስ ያለ ሽንኩርት አይታሰብም፤ ግን 100 ግራም ሽንኩርት 9 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። የአንድ እንቁላል ካርቦሃይድሬት ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ካርቦሃይድሬት ፈርቶ ዳቦ ለሸሸ ሰው ሁለት ራስ ሽንኩርት መክተፍ ምን ይሉታል? ፕሮቲኑ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሦስት እንቁላል 18 ግራም ገደማ፣ 150 ግራም ቀይ ሥጋ ደግሞ ወደ 30 ግራም።

አሁን «ያለ ምንም» ሲገባ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው የሚጠበሰው። ጊዜ ይወስዳል። አስተናጋጇም ትእዛዙን ስትቀበል «ትንሽ ይቆያል» ትላለች። ለመቆየቱ ማንም አላጉረመረመም። የሚያጨቃጭቃት ሌላ ነው፤ «ዳቦውን ስለተውኩት ሂሳቡን ቀንሱልኝ» የሚላት አይጠፋም። ከሳህኑ ላይ ርካሹን ትቶ!